አይገድልም

መጀመሪያ ሳገኘው ሽምብራ ነበረ፣
የደረቱ ጠፍር ከሚያርፍበት ቦታ፣ ቆዳው ስር ያደረ።
መዥገር መስሎኝ ፈተግኩት፤
ኪንታሮት ነው ብዬ ክረምቱን ተውኩት።
ሽምብራው ባቄላ፣ ባቄላው ሎሚ ሆነ፤
ጠፍሩ እየፈተገው ጠረኑ ገነነ።

ጋሽ ስርጋጋ መጡ፣ በጋሪ ሥራ ጥርሳቸውን የነቀሉ፤
ከዳማ ከራሱ ጭራ ሦስት ፀጉር መዘዙ፣ በምራቅ ፈተሉ፣
የእባጩን አንገት አንቀው ቋጠሩና
«ደም ሲያጣ ይረግፋል» አሉ።

ረገፈም። በአሥራ አንደኛው ቀን መሬት ላይ አገኘሁት፣
የደረቀ በለስ መስሎ። በእግሬ ገፋሁት።
የዚያን ቀን ለዳማ አንድ ጣሳ ገብስ ጨመርኩለት።

ለገና፣ እንደተባረረ ተከራይ፣ ቤተሰቡን ይዞ መጣ፤
አንዱ እዚያው፣ አንዱ ከብብቱ፣ አንዱ ካንገቱ ስር ወጣ።

ባጃጁ በዝቷል። ለጋሪ የቀረን የጓሮ መንገድ ነው፣
ከገንደ ሃራ ቁልቁል፣ ሽንኩርትና ብሎኬት የምናመላልሰው።
ዳማ አንድ ቀን ከቆመ ገብስ የለም።
ሁለት ቀን ከቆመ፣ እኛም።

ረቡዕ፣ ከከብት ክሊኒኩ ግራር ስር ተሰለፍን፤
አንዲት አንካሳ በቅሎ፣ ሁለት አህያ፣ እኔና ዳማ፣
የቦኩ ነፋስ አቧራውን ሲያለብሰን።
ዶክተር ኩለኒ ዙሪያውን በጣቷ ለካች፤
«ይኼ ክፉ ዕጢ አይደለም» አለች።
«ወደ ሳንባ አይሄድም፣ ጉበትም አያይም፤
አይገድልም።»

አይገድልም።
ቃሉን እንደ ከረሜላ በአፌ አገላበጥኩት።
የቤት ኪራይ አይገድልም።
ካስፋልት የሚያባርረን የትራፊክ ፊሽካ አይገድልም።
የማይገድል ነገር ግን፣ ዶክተር፣ ጠፍር ያስፈታል፤
ፈረስ ያቆማል፣ ድስት ያስደፋል።

ይህን አላልኳትም። እሷ ግን ጠባሳውን አየችና
«ማን ነካው?» አለች።
«ፀጉር» አልኩ፣ አፍሬ።
«ይኼ ነገር ቂመኛ ነው፣ አባ ዳማ፤
ወይ እንዳለ ትተወዋለህ፣ ወይ ከነሥሩ ታነሣዋለህ፤
በግማሽ ከነካኸው፣ ከእጥፉ ጋር ታገኘዋለህ።»

መርፌ ወጋችው። የዳማ ከንፈር ተንጠለጠለ፣
ዓይኑን ግማሽ ከደነ፣ ጉልበቱ ዋለለ።
ምላጩ ዞረ። ደሙ ከፈራሁት አነሰ።
ላም ከሚያዳቅሉት ቢሮ የተዋሰችው በርሜል ተከፈተ፣
ነጭ ጭስ ፈሰሰ፤
ጭስ ነው፣ ግን ብርድ ነው።
ቁስሉን አስነካችው፣ እስኪቀልጥ ጠበቀች፣ ደግማ አስነካችው።
በአዳማ ሐሩር፣ በእኩለ ቀን፣
በፈረሴ ደረት አመዳይ አየሁ።

«ሰባት ሳምንት ጠፍር አይንካው። ዝንብ አታስጠጋ።
የሱን መጥረጊያ ጨርቅ ለሌላ ፈረስ አታውስ።
ሊመለስ ይችላል፤ አልዋሽህም።»
ብዙ ነገረችኝ። እኔ የሰማሁት ሰባት ሳምንት የሚለውን ነው።

ሰባት ሳምንት የእጅ ጋሪ ተከራይቼ ጎተትኩ፤
ገመድ ደረት ላይ የት እንደሚፈትግ ያኔ አወቅኩ።
ዳማ ከአጥሩ ጥግ ጭድ እያኘከ ያየኛል፤
አንዳንዴ የሚያዝንልኝ፣ አንዳንዴ የሚስቅብኝ ይመስለኛል።

ጠባሳው ላይ ፀጉር በቀለ። ነጭ ነው፤
በዳማው ደረት ላይ፣ ሳንቲም የምታህል፣ አመዳዩ የረሳው።
ጋሽ ስርጋጋ አይተው «አረጀ እንዴ?» አሉኝ።
ስለ ፀጉሩ ቋጠሮ አላነሳሁባቸውም።

አሁን ጠዋት ጠዋት፣ ጠፍሩን ሳልጭን፣ በአውራ ጣቴ እዳስሳለሁ፤
ፊደል እንደማያውቅ ሰው፣ ቆዳውን ቀስ ብዬ አነባለሁ።
ትናንት አንዲት ነገር፣ ጤፍ የምታክል፣ ከጣቴ ስር ሸሸች።
አቧራ ናት ብዬ እፍ አልኩባት።
ነፋሱ ከቦኩ ወረደ፤ ሌላ አቧራ አመጣ።
ጠፍሩን በክንዴ እንዳንጠለጠልኩ
እስኪያልፍ ጠበቅኩ።